አውጉስት ቮለር፦ የብረትን ድካም የለካ መሐንዲስ

የምሕንድስና ትምህርት የቀመሰ ሰው ሁሉ የአውጉስት ቮለርን ስም ሰምቶታል። በአንድ በኩል የውጥረት መጠን፣ በሌላ በኩል ያ ውጥረት የተደጋገመበት ቁጥር የሚሰፍርበትና ከግራ ወደ ቀኝ እየወረደ የሚሄደው መስመር በስሙ ይጠራልና። ይሁን እንጂ መስመሩን የሣለው ቮለር አልነበረም። እርሱ ውጤቱን ያቀረበው በሠንጠረዥ ነበር፤ ወደ ሥዕል የለወጡት ሥራውን የተረከቡት ሰዎች ናቸው። የቮለር ታላቅነት ያለው ወደዚያ መስመር በደረሰበት መንገድ ላይ ነው። የባቡር ዘንጎች ጉዞ ላይ እየተሰበሩ ሰው በሚያልቅበት ዘመን፣ ሁሉም የየራሱን ግምት ሲናገር፣ እርሱ ብረቱ በአገልግሎት ላይ ምን እንደሚደርስበት ሳይለካ መልስ አልሰጠም። ዛሬ በአውሮፕላን ሞተር ውስጥ የሚገቡ የታይታኒየም ክፍሎችን ገጽ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች የቆሙበት መሠረት ይኸው ልኬት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቮለር ጁን 22 ቀን 1819 በሰሜን ጀርመን፣ በሐኖቨር መንግሥት ግዛት፣ ዞልታው በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። ልጁ በሐኖቨር ከተማ በነበረው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ ትምህርቱን በጥሩ ውጤት ስለ ፈጸመ፣ በተግባር የሚሠለጥንበት የገንዘብ ድጋፍ ተሰጠው። በ1840 ወደ በርሊን ሄዶ ሎኮሞቲቭ መሥራት ገና በጀመረው በቦርዚግ ፋብሪካ ተቀጠረ። በ1843 ደግሞ ወደ ቤልጅየም ተሻግሮ የሎኮሞቲቭ አነዳድ ተማረ። በዚህም ባቡርን በሦስት ወገን ለማወቅ በቃ፤ በትምህርት ቤት በሒሳብ፣ በፋብሪካ በእጅ፣ በሐዲድ ላይ በመንዳት። በ1847 በርሊንን ከብሬስላው ጋር የሚያገናኘው የምድር ባቡር የሎኮሞቲቭና የፉርጎ ክፍል ኃላፊ ሆነና በኦደር ወንዝ ዳር በምትገኘው በፍራንክፈርት ከተማ ተቀመጠ። ብሬስላው ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ቭሮጽዋፍ የምትባለው ከተማ ናት። ስሙን ያስጠራው ሥራ የተከናወነው በዚህ ኃላፊነት ላይ ሳለ ነው።

የዘመኑ ጭንቀት

የምድር ባቡር በአውሮፓ በተስፋፋባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሐንዲሶችን ያስጨነቀ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። በጥሩ ብረት የተሠራ፣ ከሚሸከመው ጭነት እጅግ የሚበልጥ ጥንካሬ ያለው የመንኮራኩር ዘንግ፣ ለወራት ወይም ለዓመታት ያለ እንከን ካገለገለ በኋላ አንድ ቀን በድንገት ይሰበራል። ከመሰበሩ በፊት አይጎብጥም፤ ምልክትም አይሰጥም። ሜይ 8 ቀን 1842 በቬርሳይ ከተከበረ በዓል ወደ ፓሪስ ሰው ጭኖ የሚመለስ ባቡር የፊተኛው ሎኮሞቲቭ ዘንግ ተሰብሮበት ከሐዲድ ወጣ። ከኋላ የመጡት ፉርጎዎች እላዩ ላይ ተከመሩ፤ እሳትም ተነሣ። የፉርጎዎቹ በሮች እንደ ጊዜው ልማድ ከውጭ ተቆልፈው ስለ ነበር ብዙዎች ማምለጫ አጡ። ከሃምሳ የማያንሱ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ታዋቂው የባሕር አሳሽ ዱሞን ዱርቪል ከነቤተሰቡ ይገኝበታል።

የተሰበረ ዘንግ ፊት ሲታይ ከፊሉ ለስላሳ፣ ከፊሉ ደግሞ እንደ ስኳር የተንኳረረ ይሆናል። ይህን ያዩ ብዙ ሰዎች፣ ብረቱ በመንገድ ንዝረት ምክንያት ባሕርዩ ተለውጦ፣ ጅማታም የነበረው ወደ ክሪስታልነት ዞሯል ብለው ደመደሙ። ይህ አስተያየት ትክክል ቢሆን ኖሮ መሐንዲሱ ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዘንጉ ሲያረጅ አውጥቶ መጣል። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ራንኪን ግን በ1843 ባቀረበው ጥናት የተሰበሩ ዘንጎችን መርምሮ፣ ስብራቱ ከዘንጉ ገጽ ላይ፣ በተለይም ውፍረቱ በድንገት ከሚለወጥበት ሹል ማዕዘን ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ስንጥቅ መሆኑን አሳየ። ማዕዘኑ ክብ ተደርጎ እንዲለሰልስም መከረ። ምክሩ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ዘንጉ ስንት ጊዜ፣ በምን ያህል ውጥረት ቢታጠፍ እንደሚሰበር የሚናገር ቁጥር አልነበረም።

ከመፍረድ በፊት መለካት

ቮለር ወደ ጉዳዩ የገባው በዚህ በኩል ነው። በመጀመሪያ የጠየቀው ዘንጉ ምን ያህል ይችላል ብሎ ሳይሆን ዘንጉ በጉዞ ላይ በእውነት ምን ይደርስበታል ብሎ ነው። ይህን ለማወቅ የዘንጉን መጉበጥ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ። ባቡሩ ሲሄድ ዘንጉ በጎበጠ ቁጥር አንዲት ሹል ጫፍ በዚንክ ሰሌዳ ላይ ጭረት ትተዋለች፤ ከጭረቱ ርዝመት የመጉበጡ መጠን፣ ከመጉበጡም ውጥረቱ በስሌት ይገኛል። መሣሪያው የተገጠመላቸው ፉርጎዎች በበርሊንና በብሬስላው መካከል በመደበኛ አገልግሎት ተመላለሱ፤ የተጓዙትም ርቀት በድምሩ 22,000 ኪሎ ሜትር ደረሰ። የአንድ ሜትር ዲያሜትር ያለው መንኮራኩር ይህን ርቀት ሲጓዝ ወደ 7 ሚሊዮን ጊዜ ይዞራል። የልኬቱ ውጤት በ1858 እና በ1860 ታተመ። በሥራ ላይ ያለ ክፍል የሚሸከመውን ውጥረት በመንገድ ላይ ለክቶ ወደ ንድፍ የማምጣት ልማድ ከዚህ ይጀምራል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው እርምጃ መፈተኛ መኪና መሥራት ነበር። የባቡር ዘንግ ሸክም ምንጊዜም ከላይ ወደ ታች ነው፤ ዘንጉ ግን ይዞራል። ስለዚህ በገጹ ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ በአንድ ዙር ውስጥ አንድ ጊዜ ትሳባለች፣ አንድ ጊዜ ትታመቃለች። የዘንጉ እምብርት ምንም አይሰማውም፤ ሙሉ ሸክሙን የሚቀበለው የላይኛው ቆዳ ነው። ቮለር ይህንኑ የሚመስል መኪና አዘጋጀ። በመካከል የሚዞር ዘንግ በኩሽኔታ ላይ ተቀምጦ፣ በሁለት ጫፎቹ ሁለት የሙከራ ዘንጎች ይገባሉ፤ የእነዚህን ጫፍ ደግሞ በታወቀ ኃይል የተወጠረ ሞላ ወደ ታች ይስባል። መኪናው ሲዞር ዘንጎቹ በየዙሩ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋሉ፤ ቆጣሪም ዙሮቹን ይመዘግባል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ለሚታጠፉ፣ ለሚሳቡና ለሚጠመዘዙ ክፍሎችም ሌሎች መኪናዎች ሠራ። ፍጥነታቸው ዛሬ ካሉት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅተኛ ነበር። አንዳንዱ ሙከራ ከ100 ሚሊዮን ዙር በላይ ስለ ተካሄደ፣ አንዲት ቁራጭ ብረት ለዓመታት ያለ ማቋረጥ ስትዞር መቆየት ነበረባት። ሥራው በጠቅላላው ከ10 ዓመት በላይ ፈጅቶ የመጨረሻው ዘገባ በ1870 ወጣ።

የተገኘው ውጤት በሦስት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ ብረት በአንድ ጊዜ ጭነት ከሚሰበርበት እጅግ ባነሰ ውጥረት፣ ውጥረቱ ደጋግሞ ከመጣ ይሰበራል። ሁለተኛ፣ ወሳኙ ነገር በከፍተኛውና በዝቅተኛው ውጥረት መካከል ያለው የመወዛወዝ ስፋት ነው። ሦስተኛ፣ ከፍተኛው ውጥረት ባደገ መጠን ብረቱ የሚችለው ስፋት ይጠባል። ለምሳሌ በሙከራው የተገኙት የአንድ ዓይነት የዘንግ ብረት የደኅንነት ወሰኖች፣ በጊዜው በነበረው የፕሩሲያ መለኪያ በካሬ ኢንች ላይ ባረፈ የሴንትነር ክብደት ሲገለጹ፣ ከ160 ስበት እስከ 160 እመቃ፣ ከ300 ስበት እስከ ዜሮ፣ ከ440 ስበት እስከ 240 ስበት ነበሩ። ስፋታቸው በተራ 320፣ 300 እና 200 መሆኑን ልብ ይሏል። አንድ ክፍል 440 እየተሸከመ ለዘለቄታው ሲኖር፣ ከዚያው ብረት የተሠራው ሌላው ከ160 በላይ ወዲያና ወዲህ ቢወዛወዝ ይሰበራል። ብረቱ ብርቱ ነው ወይም ደካማ ነው ብሎ በአንድ ቁጥር መናገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርጉሙን አጣ።

ቮለር የቅርጽንም ጉዳይ አልዘነጋም። ውፍረታቸው በሹል ማዕዘን የሚለወጥ ዘንጎችን ፈትኖ፣ ከልስልሶቹ ባነሰ ውጥረት እንደሚሰበሩና ስብራቱም ከማዕዘኑ እንደሚነሣ በቁጥር አረጋገጠ። ራንኪን በዓይን ያየው በዚህ ተለካ።

የቮለር የሙከራ ቁራጮች በ1867 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታዩ፤ በእንግሊዝ አገር የሚታተም የምሕንድስና ጋዜጣም ሥራውን በሰፊው አስተዋወቀ። እርሱ ግን በ1869 የባቡር አገልግሎቱን ትቶ በበርሊን የፉርጎ ፋብሪካ ኃላፊ ሆነ። ከፈረንሳይና ከጀርመን ጦርነት በኋላ፣ በ1874 በሽትራስቡርግ የአልዛስና የሎሬን ምድር ባቡር አስተዳደር አባል ሆኖ ተሾመ። በዚሁ ዘመን ሌላ ጉዳይ ይዞ ተነሣ። ፋብሪካዎች ብረት በየራሳቸው ስምና ምስክርነት ሲሸጡ ገዢው የሚያረጋግጥበት መንገድ ስላልነበረው፣ ብረትና አረብ ብረት በተፈተነ ባሕርያቸው እንዲመደቡና መንግሥት ከሻጭም ከገዢም ነጻ የሆኑ መፈተኛ ጣቢያዎች እንዲያቋቁም አጥብቆ ተከራከረ። በ1889 ጡረታ ወጥቶ፣ ማርች 21 ቀን 1914 በ94 ዓመቱ በሐኖቨር አረፈ።

የቀረው ጥያቄ

ቮለር ብረት መቼ እንደሚሰበር ተናገረ፤ ስንጥቁ ለምን ከገጽ እንደሚነሣ ግን በመሣሪያው ሊያየው አይችልም ነበር። ይህን ያዩት በ1903 ዩዊንግና ሐምፍሪ ናቸው። የስዊድን ብረት ገጽን አለስልሰው በማይክሮስኮፕ እየተመለከቱ ቢያወዛውዙት፣ በአንዳንድ ቅንጣቶች ላይ ቀጫጭን የመንሸራተት መስመሮች ታዩ፤ ዙሩ ሲበዛ መስመሮቹ እየሰፉ ሄደው ስንጥቅ ሆኑ። ቮለር በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበር። እንግዲህ ድካም የሚለው ቃል ራሱ ትንሽ ያሳስታል። የብረቱ ሁለንተና አላረጀም፤ የቆሰለው ቆዳው ነው፤ ቁስሉም ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እየዘለቀ የቀረው ጤነኛ ክፍል ሸክሙን መሸከም ሲያቅተው በአንድ ጊዜ ይበጠሳል። በስብራቱ ፊት ላይ የሚታዩት ለስላሳና የተንኳረረ ክፍሎች የዚህ ታሪክ ሁለት ምዕራፎች ናቸው።

ከዚህ ዕውቀት አንድ ተስፋ ተወለደ። ሞት ከቆዳ የሚገባ ከሆነ ቆዳውን ማጠንከር ይቻላል ማለት ነው። በጀርመን በብራውንሽቫይግ ከተማ በቮለር ስም በተሰየመው ተቋም ኦቶ ፎፕልና ባልደረቦቹ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የብረትን ገጽ በጠንካራ ተሽከርካሪ እየተጫኑ ቢዳምጡት የድካም ጽናቱ በብዙ እንደሚጨምር አሳዩ። በአሜሪካም በጄኔራል ሞተርስ የምርምር ክፍል ይሠራ የነበረው ጆን አልመን ጥቃቅን የብረት እንክብሎችን በከፍተኛ ፍጥነት በገጹ ላይ እየረጩ የመቀጥቀጥን ዘዴ፣ ማለትም ሾት ፒኒንግን፣ በቁጥር የሚመራ ሥራ አደረገው። ቀጭን የብረት ሰሌዳ በአንድ ጎኑ ሲቀጠቀጥ ይቀለበሳል፤ የመቀልበሱ መጠን የቅጥቀጣውን ብርታት ይናገራል። ይህ ሰሌዳ እስከ ዛሬ በአልመን ስም ይጠራል። የሁለቱም ዘዴዎች ምሥጢር አንድ ነው። የተዳመጠው ወይም የተቀጠቀጠው ቆዳ ወደ ጎን ሊዘረጋ ሲል ከሥሩ ያለው ብረት ይይዘዋል፤ ስለዚህ ቆዳው ምንጊዜም ታምቆ ይኖራል። ከውጭ የሚመጣ የመሳብ ኃይል መጀመሪያ ይህን እመቃ ማሸነፍ አለበት። ስንጥቅ የሚከፈተው በመሳብ ነውና፣ የታመቀ ቆዳ ስንጥቁን አፉን ይዘጋበታል።

ታይታኒየምና ቆዳው

ይህ ጉዳይ በታይታኒየም ቅይጦች ላይ ከሁሉ ይበልጥ ይጠናል። ከመቶ 6 እጅ አሉሚኒየምና 4 እጅ ቫናዲየም ያለበት የታወቀው ቅይጥ፣ የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ክብደቱ 4.4 ግራም ያህል ሲሆን የአረብ ብረት 7.8 ግራም ነው፤ ጥንካሬው ግን ከብዙ አረብ ብረቶች አያንስም። ስለዚህ በአውሮፕላን ሞተር የፊት ክፍል ዲስኮችና ምላጮች ከእርሱ ይሠራሉ። እንከኑ በገጹ ነው። ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከተራ አረብ ብረት ብዙ እጥፍ ስለሚያንስ፣ ሲቆረጥ፣ ሲሰረሰር ወይም ሲሞረድ የሚፈጠረው ሙቀት ወደ ውስጥ ሳይሰራጭ በመቁረጫው ጫፍና በገጹ ላይ ይከማቻል። የጋለ ታይታኒየም ደግሞ ኦክሲጂንና ናይትሮጂን ይጠጣል፤ ገጹም ጠንካራ ነገር ግን ተሰባሪ ይሆናል። እንዲህ ያለው ቅርፊት ከጥቂት መታጠፍ በኋላ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ወደ ጤነኛው ብረት መንገድ ያገኛል። በግዴለሽነት የተሞረደ ታይታኒየም በጥንቃቄ ከተሞረደው ግማሹን ያህል እንኳ የድካም ጽናት ላይኖረው ይችላል። ሁለቱን በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው።

ጁላይ 6 ቀን 1996 በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ በፔንሳኮላ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የዴልታ አየር መንገድ 1288 በረራ ለመነሣት ሲንደረደር የግራ ሞተሩ የፊት ዲስክ ተሰበረ። ፍንጣሪዎቹ የመንገደኞቹን ክፍል ጥሰው ሁለት ሰዎችን ገደሉ። በምርመራው እንደ ተረጋገጠው ስንጥቁ የተነሣው በዲስኩ ላይ ካሉት የማሰሪያ ቀዳዳዎች በአንዱ ነበር። ቀዳዳው ሲሰረሰር ገጹ ከመጠን በላይ ግሎ፣ በኦክሲጂን የጠነከረ ቀጭን ሽፋን በግድግዳው ላይ ቀርቷል። ዲስኩ ይህን ይዞ ከ13,000 ጊዜ በላይ በረረ፤ በአገልግሎት ላይ የተደረገው የስንጥቅ ፍተሻም አላየውም። የቅይጡ ጥንቅር ትክክል ነበር፤ የዲስኩም ንድፍ ትክክል ነበር። የተበላሸው በመሰርሰሪያ ጫፍ የተነካው ቆዳ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለታይታኒየም የሚደረገው የገጽ ዝግጅት ቅደም ተከተል አለው። ከሁሉ አስቀድሞ ሙቀት የነካው ወይም አየር የጠጣው ሽፋን በለዘብተኛ ቆረጣ ወይም በአሲድ መወገድ ይኖርበታል፤ አሲዱም ሃይድሮጂን ወደ ብረቱ እንዳያስገባ ውሁዱና ጊዜው በጥብቅ ይጠበቃል። ቅጥቀጣው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በእንክብል የተቀጠቀጠ ታይታኒየም የሚታመቀው ቆዳ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት አሥረኛ እጅ አያልፍም፤ በሌዘር ምት ሲሆን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሊዘልቅ ይችላል። ቅጥቀጣው ሲበዛ ግን ገጹን ያሻክረዋል፣ ያጣጥፈዋልም፤ መድኃኒቱ ቁስል ይሆናል። ክፍሉ በአገልግሎት ከጋለም እመቃው እየላላ ይሄዳል። ለመፋቅ እንዲጠነክር ናይትሮጂን የተቀባ ገጽም እንዲሁ ነው፤ ከመበላት ይድናል፣ ሽፋኑ ተሰባሪ ከሆነ ግን የድካም ጽናቱ ይቀንሳል። አንዱን ችግር የፈታ የገጽ ሥራ ሌላውን እንዳላመጣ በሙከራ ሳይታይ ሊታመን አይገባም።

ሌላም ነገር አለ። ቆዳው በእመቃ ሲጠነክር ስንጥቁ አንዳንድ ጊዜ ከቆዳው ሥር፣ እመቃው አልቆ መሳቡ ከሚጀምርበት ስፍራ ይነሣል። እንዲህ ያለው ስንጥቅ አየር ስለማያገኘው ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ክፍሉም ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ ነገር ግን 10 ሚሊዮን ዙር ያለፈ ቁራጭ ከዚያ በኋላ አይሰበርም ማለት አይቻልም። ቮለር መኪናዎቹን ለዓመታት ሳያቆም ያዞረው የጊዜው ፍጥነት ዝቅተኛ ስለ ነበር ብቻ አይደለም፤ በአጭር ሙከራ የረጅም ዕድሜ ምስክርነት መስጠት ስላልፈለገ ነው ቢባል ሥራው ይደግፈዋል።

ቮለር ታይታኒየም ለሥራ ሲውል አላየም፤ ሾት ፒኒንግ የሚባለውንም አያውቅም። ያወረሰው ግን የሥራ ሥርዓት ነው። በመጀመሪያ ክፍሉ በአገልግሎት ላይ የሚደርስበትን በቦታው መለካት፤ ቀጥሎ የሙከራውን ቁራጭ ከዚያው ብረት፣ በዚያው ቅርጽና በዚያው የገጽ አሠራር ማዘጋጀት፤ በመጨረሻም እስኪሰበር ወይም የተወሰነለትን ዙር እስኪጨርስ በትዕግሥት መጠበቅ። በመስታወት ልስላሴ የተወለወለ ቁራጭ ፈትኖ፣ ውጤቱን በደነዘዘ መሰርሰሪያ ለተበሳ ዲስክ መስጠት ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው። በንድፍ ወረቀት ላይ የተጻፈው የብረት ዓይነትና ልክ ብቻውን የአንድን ክፍል ዕድሜ አይወስንም፤ የመቁረጫው ስለት፣ የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ፍሰትና የቅጥቀጣው ልክ አብረው ይወስኑታል። እነዚህን የሚቆጣጠረው የማሽን ሠራተኛ፣ የዲስኩ ዕድሜ የሚጻፍበትን ሠንጠረዥ ከመሐንዲሱ ጋር እኩል ይፈርማል።